የጅማ መንገድ ዳር ዛፍ ምን እንዳለፈበት ከግንዱ ማንበብ፦ የአሠራር መመሪያ

ጅማ ለዛፍ ትመቻለች። በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ምድሩ እርጥብ ነው። ለዚህም ይመስላል መንገድ ዳር የቆመ ዛፍ ጫፉ ሲደርቅ ብዙው ሰው «አርጅቶ ነው» ብሎ የሚያልፈው። ሊሆን ይችላል። በጋው ረዝሞበት ተጎድቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ከዓመታት በፊት የውኃ ቧንቧ ሲቀበር ግማሽ ሥሩ ተቆርጦ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ከውስጥ ግን ይታያል። ዛፍ በየዓመቱ ምን ያህል እንደወፈረ ግንዱ ውስጥ ይጽፋል።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ለሳይንስ መምህራን፣ ለደንና ለግብርና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ሰፈራቸው ያለው ዛፍ ለሚያሳስባቸው ሰዎች ነው። የተራቀቀ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጊዜ ግን ይፈልጋል። አንዱ እርምጃ ሙሉ ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል፤ ይህን ከአሁኑ እወቁት።

ቀለበቱ ከየት ይመጣል?

በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ካምቢየም የሚባል በጣም ስስ ሽፋን አለ። ዛፉ የሚወፍረው ይህ ሽፋን አዲስ እንጨት ሲሠራ ነው። በብርዳም አገሮች ሥራውን የሚያስቆመው ክረምታቸው፣ ማለትም በረዶው ነው። እኛ ጋ የሚያስቆመው በጋው ነው። በሞቃት አገሮች በወር ከ60 ሚሊሜትር በታች የሚዘንብባቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወራት ካሉ ብዙ ዛፎች እድገታቸውን ይገታሉ ተብሎ ይወሰዳል። በጅማ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ዝናቡ የሚሳሳበት ነው። ዛፉ በመጋቢት ሲነቃ በአሮጌውና በአዲሱ እንጨት መካከል መስመር ይቀራል። ያ መስመር ነው የዓመቱ ድንበር። በሁለት ድንበሮች መካከል ያለው እንጨት ደግሞ የአንድ ዓመት ቀለበት ነው።

ችግሩ የጅማ በጋ እንደ ሰሜኑ ጨካኝ አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ዓመት በጥር መሐል ጥሩ ዝናብ ይወርዳል። ዛፉ ነቅቶ ይጀምርና መልሶ ያቆማል። በዚህ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መስመር ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ሐሰተኛ ቀለበት ይባላል። በተቃራኒው በጋ የሚባል ነገር ያልተሰማው ዛፍ መስመሩን ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ እዚህ ቀለበት ቆጥሮ «ዛፉ 43 ዓመቱ ነው» ብሎ መደምደም አይሠራም። ቆጠራው መጀመሪያ መፈተን አለበት።

የዛፍ ቀለበት ጥናትን የመሠረተው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤ. ኢ. ዳግላስ ነው። የተነሣው የፀሐይን ዑደት ለመፈለግ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ላቦራቶሪ አቋቋመ። በአገራችንም የሀበሻ ጽድና የስምጥ ሸለቆ ግራሮች በደንብ ተጠንተዋል፤ በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አንዷ ዶ/ር አስቴር ገብረኪርስቶስ ናቸው። የከተማ ዛፍ ግን ከጫካ ዛፍ የተለየ ጣጣ አለው። እሱን በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

1. ዛፉን መምረጥ

ከሁሉ በፊት የማይሆኑትን እናውጣ። ዘንባባ፣ እንሰትና ቀርከሃ የዓመት ቀለበት ከነጭራሹ የላቸውም። ባህር ዛፍ በእኛ አየር ንብረት የሚሠራው መስመር አያስተማምንም። ማንጎና አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስለማይለያቸው ለጀማሪ አይመከሩም። ዋርካና ሾላን ተዉአቸው። መስመራቸው ግልጽ አይደለም፣ ሲወጉ ነጭ ወተት ይፈሳቸዋል፣ ደግሞም ብዙ ቦታ ላይ በሰው ዘንድ የተከበሩ ዛፎች ናቸው።

ተስፋ ያላቸው በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉትና ጽዶቹ ናቸው። ዋንዛና ብሳና ለመጀመር ጥሩ ናቸው። ጃካራንዳም መሞከር ይቻላል። የፈረንጅ ጽድ በየግቢው አጥር ሆኖ ስላለ በቀላሉ ይገኛል። የሀበሻ ጽድ በጣም የተጠና ቢሆንም ሐሰተኛ ቀለበት ያበዛል። ዝግባም ቀለበት አለው፤ ግን ቀለበቱ በአንዱ ጎን ይጀምርና በሌላው ጎን ይጠፋል። በግራቪሊያ ተጠንቀቁ። እንጨቱ ውስጥ ቅስት ቅስት የሚሠሩ ስስ ጥብጣቦች አሉ፤ ለጀማሪ ዓይን ሁሉም የዓመት ድንበር ይመስላሉ።

አንድ ዝርያ ብቻ ምረጡ። ዋንዛና ጽድ ቀላቅሎ ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቡድን አድርጉ። አንደኛው ከአስፋልትና ከኮብልስቶን አጠገብ የቆሙ ዛፎች፣ ሁለተኛው ሥራቸው ክፍት አፈር ላይ ያለ። ለሁለተኛው ቡድን ወደ ጅሬን ኮረብታ የሚወጣው መንገድ አካባቢ፣ ሰፊ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ከከተማው ወጣ ያለ የቡና ማሳ ይሆናል። ለቡና ጥላ የሚሆነው ዋንዛ ወይም ብሳና ለዚህ ይመቻል፤ ባለማሳው ግን ለጥላ ሲል ቅርንጫፍ ይመለምል እንደነበር ጠይቁት።

ከእያንዳንዱ ቡድን ከ15 እስከ 20 ዛፍ ብታገኙ መልካም ነው። ካልተገኘ በ10 ጀምሩ። ከ10 ካነሰ የአንዱ ዛፍ የግል ችግር የሁሉንም መልክ ያበላሻል።

አዌቱ ወንዝ ዳር ያሉትን ለብቻ ያዙ። ሥራቸው ውኃ ውስጥ ስለሆነ በጋ ይርዘም ይጠር ግድ አይሰጣቸውም፤ ቀለበታቸው ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ይሆናል። የሚያፈስ ቧንቧ አጠገብ ያለ ዛፍም እንዲሁ ነው። ዛፉ ደልቶት ይኖራል፤ ለእኛ ግን ወሬ የለውም።

2. ፈቃድና ጥያቄ

መንገድ ዳር ያለ ዛፍ የከተማው ነው። ስለዚህ በከተማ አስተዳደሩ የአረንጓዴ ልማት ሥራ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ዘንድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪዎቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። የግለሰብ ግቢ ከሆነ ባለቤቱን። በእጁ ረዥም የብረት መሣሪያ ይዞ ግንድ የሚወጋ ሰው ሰፈርተኛው ዝም ብሎ አያየውም፤ ደግ ያደርጋል።

ፈቃድ ስትጠይቁ ታሪኩንም አብራችሁ ጠይቁ። ከአካባቢው አዛውንት ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ «አባባ፣ ይህን ዛፍ መቼ ነው የተከሉት? መንገዱ አስፋልት የሆነው መቼ ነው? የመብራት ሰዎች ቅርንጫፉን የቆረጡት መቼ መቼ ነው?» በሉ። ሰው ዓመቱን በቁጥር ላያስታውስ ይችላል። «ልጄ ስምንተኛ ክፍል እያለች» ይላችኋል። ጻፉት። ዓመቱ በኋላ ይሰላል። ይህ ማስታወሻ ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ይጠቅማችኋል።

3. ናሙና ማግኘት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፦ ቀድሞ የተቆረጠ ዛፍ መጠቀም። መንገድ ሲሰፋ፣ ቤት ሲሠራ፣ ዛፍ ሲወድቅ ጉቶ ይቀራል። በሞተር መጋዝ ከጉቶው ወይም ከግንዱ ወደ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቁራጭ አስቆርጡ። የእኛ አገር ዛፎች ቀለበታቸው አንዳንዴ ግማሽ ዙር ላይ ስለሚጠፋ ሙሉ ክቡን ማየት ትልቅ ጥቅም አለው። ጅማ ደግሞ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ በርጩማና ወንበር የሚሠሩት ባለሙያዎች ጋ ቁራጭ አይጠፋም። ግን ከየት እንደመጣና መቼ እንደተቆረጠ ያልታወቀ ግንድ አትውሰዱ። የተቆረጠበት ወር የማይታወቅ ቁራጭ ለመለማመጃ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ በቆመ ዛፍ ላይ ኢንክሪመንት ቦረር መጠቀም ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት መሰርሰሪያ ነው። ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያላት የእንጨት ዘንግ ያወጣል። ዋጋው ውድ ስለሆነ ከደን ትምህርት ክፍል ወይም ከምርምር ማዕከል ተዋሱ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩ። ግንዱ ያዘመመ ከሆነ ከዘመመበት አቅጣጫ በጎን በኩል ውጉ። ያዘመመ ዛፍ ራሱን ለማቃናት በአንድ በኩል ወፍራም እንጨት ስለሚሠራ እዚያ የምታገኙት ስፋት የአየሩን ሳይሆን የመዝመሙን ታሪክ ይነግራችኋል።

የመሰርሰሪያውን ጫፍ በአልኮል ጥረጉ፣ ጥርሱን ሰም ቀቡት። ወደ ግንዱ መሐል አነጣጥሩ። መጀመሪያ እየገፋችሁ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ከያዘ በኋላ መግፋት አያስፈልግም። የግንዱን እኩሌታ ሲያልፍ አቁሙ። ስሷን ማውጫ ቆርቆሮ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ቦረሩን አንድ ዙር ወደ ኋላ መልሱት፣ ከዚያ ናሙናውን ሳቡ። ቦረሩን እዚያው ተክታችሁ ፎቶ አታንሡ፤ እንጨቱ ይጨብጠውና መንቀል ጭንቅ ይሆናል።

ከእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ናሙና ውሰዱ። አንዱ በመንገዱ በኩል፣ ሌላው በተቃራኒው። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ። ቀዳዳውን በእንጨት ወይም በኮላ መድፈን ጥቅም እንዳለው አልተረጋገጠም፤ ዛፉ ራሱ ከውስጥ ይዘጋዋል። ውስጡ የበሰበሰ ወይም በጣም የታመመ ዛፍ ግን አትውጉ።

ናሙናዋን የወረቀት ስትሮ ውስጥ ክተቱ። በእርሳስ የዛፉን ቁጥር፣ ቦታውን፣ አቅጣጫውንና ቀኑን ጻፉበት። እስክሪብቶ በእርጥበት ይጠፋል። የላስቲክ ስትሮ ከሆነ ሻጋታ እንዳይዘው ቀዳዳ አድርጉበት።

ጥሩው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የዓመቱ ቀለበት አልቋል፣ አዲሱ አልጀመረም።

4. ማድረቅና ማለስለስ

ቁራጩን ጥላ ውስጥ ለሳምንታት አድርቁ። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል። የቦረር ናሙና ከሆነ ጎድጓዳ መስመር ባለው የእንጨት ጣውላ ላይ በቪናቪል ኮላ አጣብቁት፤ የእንጨቱ ጭረት ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በጎኑ ከተጣበቀ ድንበሩ አይታይም።

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ከቁጥር 80 ጀምሩ። 120፣ 220፣ 320፣ 400 እያላችሁ እስከ 600 ሂዱ። አንዱን ቁጥር ስትዘሉ የፊተኛው ጭረት ይቀራል፤ ያ ጭረት በስካነር ላይ ልክ ቀለበት መስሎ ይወጣል። አናጺ ቤት ማሽን ካለ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እዚያ አስጨርሱ። የመጨረሻዎቹን በእጅ ሥሩ። የእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያልታዩ እንደሆነ ነጭ ጠመኔ እሹበትና በጨርቅ ጥረጉት፤ ጠመኔው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ያጎላቸዋል።

5. ድንበሩን መለየት

አጉሊ መነጽር ያዙ። ክብ ቁራጭ ከሆነ ከመሐል ወደ ቅርፊት አራት መስመር በእርሳስ አስምሩ። በአንዱ መስመር ላይ ድንበር የመሰላችሁን ነጥብ አድርጉ፣ ከዚያ ያንን ድንበር በእርሳስ እየተከተላችሁ ዙሩ። እውነተኛ ድንበር ዞሮ ራሱ ላይ ይገጥማል፤ ወደ ቅርፊቱ በኩል ያለው ጠርዙም ስል ነው። ሐሰተኛው በሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ ወይም መንገድ ላይ ይጠፋል። እውነተኛ ሆኖ በአንዱ ጎን ከሌላው ጋር የሚዋሃድም አለ። አራቱም መስመር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እስክታገኙ ድረስ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

6. ለቀለበቱ ዓመት መስጠት

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። ዛፉ የሚያድገው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው። የእኛ ዘመን ደግሞ መስከረም ላይ ይለወጣል። ስለዚህ አንዱ ቀለበት ሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ ከመጋቢት 2007 እስከ ጥቅምት 2008 ዓ.ም. የተሠራው ቀለበት በፈረንጆቹ ሙሉ በሙሉ 2015 ነው። በተቃራኒው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት ውስጥ ያርፋል፣ በፈረንጆቹ ግን ሁለት ላይ ይከፈላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀለበቱን እድገቱ በጀመረበት የፈረንጅ ዓመት ሰይሙ፣ የሰው ታሪክ የምትመዘግቡትን ደግሞ ከነወሩ ጻፉና ቀይሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ለምሳሌ በሐምሌ 1977 የተተከለ ችግኝ በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. የተተከለ ነው። «የ77 ድርቅ» ብላችሁ የ1985ን ቀለበት ብትመለከቱ ትስታላችሁ። ዝናቡ የቀረው በ1976 በልግና ክረምት ነው፤ ቀለበቱም የ1984 ነው። ያ ድርቅ የከፋው በሰሜኑ ስለሆነ የጅማ ዛፍ ላያሳየው ይችላል። ስላላያችሁት አትደንግጡ፤ ሊኖር ይገባል ብላችሁም አትፍጠሩት።

ቆጠራው ከቅርፊቱ ይጀምራል። ዛፉ የተቆረጠው በጥር 2017 ከሆነ የመጨረሻው ሙሉ ቀለበት የ2024 ነው። በግንቦት 2017 ከሆነ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ያላለቀ የ2025 ቀለበት ነው፤ አትለኩት።

አሁን ዛፎቹን እርስ በርስ አስተያዩ። ካሬ ወረቀት አምጡ። አንዱ ካሬ አንድ ዓመት ነው። ከጎረቤቶቹ በጣም የጠበበ ቀለበት ባለበት ዓመት ላይ ረዥም ሰረዝ፣ በመጠኑ በጠበበው ላይ አጭር ሰረዝ አድርጉ። መካከለኛውን ባዶ ተዉት። ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ወረቀት። ከዚያ ወረቀቶቹን አንዱን ከሌላው በታች አስቀምጡ። ረዣዥሞቹ ሰረዞች ከተገጣጠሙ ቆጠራችሁ ይዟል። አንዱ ዛፍ ከ2009 በፊት ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት የተንሸራተተበት ከሆነ፣ እዚያ አካባቢ ወይ አንድ ቀለበት ዘላችኋል ወይ ሐሰተኛ ቆጥራችኋል። ወደ እንጨቱ ተመለሱና በአጉሊ መነጽር ፈልጉ። ወረቀቱን ለማስገጠም ብላችሁ ግን እንጨቱ ላይ የሌለ ቀለበት አትጨምሩ።

ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል፤ አሰልቺ ነውና። ይህን የዘለለ ሰው ቀሪውን ባይሠራው ይሻላል።

7. በእርግጥ የዓመት ነው ወይ?

ዛፎቹ ተስማሙ ማለት በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራሉ ማለት ላይሆን ይችላል። ሁሉም በዓመት ሁለት እየሠሩ ሊስማሙ ይችላሉ። ሦስት መፈተኛ አለ።

የመጀመሪያው የተተከለበት ዓመት የሚታወቅ ዛፍ ነው። በትምህርት ቤት ምሥረታ፣ በምርቃት ወይም በችግኝ ተከላ ዘመቻ የተተከለ ይፈለግ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ መነሻ 1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዲህ ዓይነት የቆየ ግቢ ውስጥ የተከላ ዓመቱን የሚያውቅ ሰው ማፈላለግ ያዋጣል። ከ1.3 ሜትር ላይ ስትቆጥሩ ችግኙ እዚያ ከፍታ ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ እንደሚጎድል አስታውሱ።

ሁለተኛው የምስማር ምልክት ነው። በጥር ቀጭን ምስማር ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱን እስኪነካ አስገቡና አውጡት። ቀኑን ጻፉ። ካምቢየሙ እዚያ ላይ ጠባሳ ይሠራል። በሚቀጥለው ጥር ከጠባሳው ውጭ ስንት ድንበር እንደተሠራ ታያላችሁ። ይህን ሊቆረጥ በታቀደ ዛፍ ላይ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ለትምህርት ቤት በጣም የምወደው፣ የግንድ መቀነት ነው። ካርቶን የሚታሰርበትን ስስ የብረት ጥብጣብ ግንዱ ላይ ጠምጥሙና ጫፎቹን በስፕሪንግ አያይዙ። ጥብጣቡ ላይ ሁለት ጭረት አድርጉ። ዛፉ ሲወፍር በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። በካሊፐር በየወሩ ለኩ፤ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። ግንድ ቀን ላይ ውኃ ስለሚያወጣ በጥቂቱ ይኮማተራል። ያገኛችሁትን ለ3.14 ስታካፍሉ የዲያሜትሩን ጭማሪ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አትመኑ፤ መቀነቱ ገና እየተደላደለ ነው። በመጋቢት የመጀመሪያ ዝናብ ማግስት የሚታየው ድንገተኛ ጭማሪም ውኃ መጥጦ ማበጥ እንጂ እድገት አይደለም። ዓመት ሲሞላ ዛፉ አንዴ ቆሞ አንዴ እንደተነሣ፣ ወይም ሁለቴ እንደቆመ በግራፍ ታያላችሁ።

8. መለካት

ለስላሳውን ገጽ ስካነር ላይ ገልብጡና በ1,200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1,200 ነጥብ) ስካን አድርጉ። አንዷ ነጥብ ወደ 0.02 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ለእኛ ይበቃል። ማስመሪያ አብሮ ይግባ። ከዚያ ኢሜጅ ጄ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከፍታችሁ በማስመሪያው መለኪያውን አስተካክሉ፣ የእያንዳንዱን ቀለበት ስፋት ከድንበር እስከ ድንበር ለኩ። መስመሩ ድንበሩን ቀጥ ብሎ ማቋረጥ አለበት። ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ጻፉ፦ ዓመት በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ናሙና በየራሱ ዓምድ።

አር (R) በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ለሚሠሩ ዲፒኤልአር የሚባል ለዚሁ የተዘጋጀ ነፃ ጥቅል አለ። የኮፌቻ ፕሮግራም ደግሞ የዓመት አሰጣጥ ስህተትን ያጣራል። ሁለቱም ከካሬ ወረቀቱ በኋላ እንጂ በፊት አይመጡም።

9. የዕድሜን ድርሻ ማውጣት

ወጣት ዛፍ ሰፊ ቀለበት ይሠራል። ግንዱ ሲሰፋ ያንኑ ያህል እንጨት በሰፊ ዙሪያ ላይ ስለሚያከፋፍል ቀለበቱ ይጠባል። ይህ ጭንቀት አይደለም። 10 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያለው ዛፍ 4 ሚሊሜትር ቢጨምር የጨመረው ስፋት 25.6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። 20 ሴንቲሜትር ራዲየስ ሲደርስ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢጨምር 25.3 ነው። ቀለበቱ በግማሽ ጠበበ፤ ዛፉ ግን ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ናሙና በኤክሴል ቀስ እያለ የሚወርድ ኩርባ አስምሩ። የተለካውን ስፋት ኩርባው ለሚጠብቀው አካፍሉ። ኩርባው 4.0 ሲጠብቅ 3.2 ከተገኘ ውጤቱ 0.8 ነው። 1 ማለት እንደተጠበቀው፣ ከ1 በታች ማለት ዛፉ ያነሰበት ዓመት ነው። ከዚያ የየቡድኑን አማካይ አውጡ።

10. ከዝናብና ከሙቀት ጋር ማገናኘት

የጅማ ጣቢያ ለረዥም ዓመታት ሲለካ ቆይቷል፤ መረጃውን ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው ቺርፕስ የተባለውን የሳተላይትና የጣቢያ ቅልቅል የዝናብ መረጃ በነፃ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል።

የዓመቱን ጠቅላላ ዝናብ ብቻ አትውሰዱ። ጅማ ላይ ጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ለዛፍ ይበቃል። እኔ ትኩረት የምሰጠው ለሁለት ነገር ነው፦ ከቀለበቱ በፊት ያለው የበጋ ርዝመት፣ እንዲሁም የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ በጊዜው መምጣቱ። ክረምት ላይ ደመናው ፀሐይ ስለሚሸፍን በጣም ዝናባማ ዓመት ሰፊ ቀለበት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እያላችሁ ለየብቻ ደምሩ። የየወቅቱን ከፍተኛ ሙቀት አማካይም ያዙ። በኤክሴል የኮሪሌሽን ቀመር (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ከ-1 እስከ 1 በሆነ ቁጥር የሚለካ) እያንዳንዱን ከቀለበቱ አማካይ ጋር አስተያዩ። 30 ዓመት መረጃ ካላችሁ ከ0.36 በላይ የሆነ (ወይም በነጌቲቭ በኩል ከ-0.36 በታች የሆነ) ቁጥር ትኩረት ይገባዋል። ከዚያ በታች ላለው ታሪክ አትፍጠሩለት። ብዙ ወቅት በሞከራችሁ ቁጥር አንዱ በአጋጣሚ እንደሚወጣም አትርሱ።

11. የአየሩን ጥፋት ከከተማው ጥፋት መለየት

የሥራው ጣዕም ያለው እዚህ ነው። የጠበበ ቀለበት ሁሉ ድርቅ አይደለም።

ሁለቱንም ቡድን በአንድ ግራፍ ላይ አውጡ። በአንድ ዓመት ሁሉም አብረው ከወረዱ አየሩ ነው። የክፍት አፈሩ ቡድን በመጠኑ ወርዶ የአስፋልቱ ቡድን በብዙ ከወረደ፣ አየሩ መጥቷል፣ ከተማው ደግሞ አባብሶታል። አንድ ዛፍ ብቻ ከወረደ የዛን ዛፍ የግል ታሪክ ፈልጉ።

የውድቀቱ ቅርጽም ይናገራል። አንድ ዓመት ጠቦ በቀጣዩ የሚያገግም ብዙ ጊዜ የአየር ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ጠቦ ቀስ ብሎ የሚመለስ የቅርንጫፍ ቆረጣ ሊሆን ይችላል፤ የመብራት ሽቦ ሥር ያሉትን እዩ። ከአንድ ዓመት ጀምሮ ወርዶ ያልተመለሰ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ተቆርጧል ወይም አፈሩ ተደፍኗል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለቱ ናሙናዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ብቻ ጠቦ በግቢው በኩል ያለው ደህና ከሆነ፣ በመንገዱ በኩል ተቆፍሯል። አሁን ከአባባ የወሰዳችሁትን ማስታወሻ ክፈቱ። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል የነበረችበት ዓመት ከውድቀቱ ጋር ገጠመ?

ድንገት የሰፋ ቀለበትም ያጋጥማል። ጎረቤቱ ተቆርጦ ብርሃን አግኝቶ፣ ወይም ቧንቧ አጠገቡ ፈንድቶ ይሆናል።

አየሩ ነው ብላችሁ ያመናችሁበትን ዓመት በሦስት ቁጥር ግለጹት። ከዚያ ዓመት በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ 4.0 ሚሊሜትር፣ የችግሩ ዓመት 2.4፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት አማካይ 3.6 ነው እንበል። የመቋቋም አቅሙ 2.4 ለ4.0 ማለትም 0.6 ነው። ማገገሙ 3.6 ለ2.4 ማለትም 1.5። ወደ ቀድሞው መመለሱ 3.6 ለ4.0 ማለትም 0.9። የመንገድ ዳሩንና የክፍት አፈሩን ቡድን በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለከተማው ኃላፊ የምታሳዩት ይህን ሠንጠረዥ ነው፤ ኮሪሌሽኑን ማንም አያነበውም።

ሠንጠረዡ የሚጠይቀውም የተለያየ ነው። የአስፋልቱ ቡድን በረዥም በጋ የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ በጥርና በየካቲት ውኃ ይጠጣ፣ በግንዱ ዙሪያ ያለው ኮብልስቶን ተነሥቶ አፈር ይከፈትለት ማለት ነው። ውድቀቱ ከቁፋሮ ጋር ከገጠመ ውኃ ማጠጣት ብቻውን የተቆረጠ ሥር አይመልስም፤ ቀጣዩ ቦይ ከግንዱ ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ከመቆፈሩ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ቁራጮቹንና ናሙናዎቹን ምልክታቸው እንዳለ ደረቅ ሣጥን ውስጥ አኑሩ፤ የዓመት ቆጠራችሁን ሌላ ሰው ደግሞ ሊያጣራው ይችላል።